የአያቴ ጥፋት ልጄን ይከተለው ይሆን?

«ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አያቴ በአካባቢያቸው ስማቸው የታወቀ ቃልቻ ነበሩ። ሰው ከሩቅ እየመጣ ይሳልላቸው ነበር። እናቴ ግን ገና በልጅነቷ ከዚያ ቤት ወጥታ በእግዚአብሔር ቤት አደገች፤ እኔንም እንደዚያው አሳደገችኝ። አሁን የመጀመሪያ ልጄ 19 ዓመቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወ። ቤት ሲመጣም መጽሐፍ ቅዱስ ሲነበብ ተነስቶ ይወጣል። ጨንቆኝ ለአንድ አገልጋይ ብነግራቸው ‹በቤታችሁ የዘር እርግማን አለ፤ ካልተቆረጠ እሱም ልጆቹም አይተርፉም› አሉኝ። ለዚህ ተብሎ የሚደረግ ልዩ ጸሎት አለ፣ መባ ይዘሽ ነይ ተባልኩ። የጠየቁኝ ብር ደግሞ ለኔ ቀላል አይደለም። አማቴ በበኩላቸው ‹የኛ ወገን የካህናት ዘር ነው፤ ቃል ኪዳን አለን፤ ልጁ የትም አይሄድ፣ ዝም ብለሽ ጠብቂ› ይሉኛል። ማንን ልስማ? የእግዚአብሔር ተስፋ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያልፈው እንዴት ነው? እርግማንስ?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እንቅልፍ የነሳሽን ነገር ልመልስልሽ። በአያትሽ ምክንያት ልጅሽ ላይ በር አልተዘጋበትም። በአማትሽ ዘር ምክንያትም ማንም በሩን አሻግሮ አያስገባለትም። ሁለቱም ሰዎች ነገሩን የፈለጉት ደም ውስጥ ነው። አንዳቸው እርግማኑን፣ ሌላዋ በረከቱን። ብሉይ ኪዳንን ረጋ ብለሽ ስታነቢ ግን ተስፋውን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሻግረው ቃሉን የሰጠው ራሱ እግዚአብሔር ሆኖ ታገኚዋለሽ። ለአባት የተናገረውን ለልጁም መጥቶ እንደገና ይናገረዋል። ልጁም በራሱ አንደበት መመለስ አለበት። የምጽፍልሽ ነገር ሁሉ ከዚህ አይወጣም።

እስቲ ከመነሻው እንጀምር፤ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 15። አብርሃም ያኔ ገና አብራም ነው፣ ልጅ የለውም። እግዚአብሔር ዘርህን እንደ ሰማይ ከዋክብት አበዛዋለሁ፣ ይህችንም ምድር እሰጥሃለሁ አለው። አብራምም በምን አውቃለሁ ብሎ ጠየቀ። የሦስት ዓመት ጊደር፣ የሦስት ዓመት ፍየል፣ የሦስት ዓመት በግ፣ ዋኖስና ርግብ አምጣ ተባለ። ከብቶቹን ከመካከል ቆርጦ ቁራጮቹን ፊት ለፊት አደረጋቸው። በዚያ ዘመን ቃል ኪዳን የሚገቡ ሰዎች በተቆረጠው እንስሳ መካከል ያልፉ ነበር። ቃሌን ባፈርስ እንደዚህ እንስሳ ልሁን እንደማለት ነው። ነቢዩ ኤርምያስም በምዕራፍ 34 ይህንኑ ልማድ ይጠቅሰዋል። አብራም አሞሮቹን ከሥጋው ላይ ሲያባርር ዋለ። ፀሐይ ስትገባ ከባድ እንቅልፍ ወሰደው። ከዚያ የሚጤስ ምድጃና የእሳት ነበልባል በቁራጮቹ መካከል አለፈ። አብራም አላለፈም። ተኝቷል። መሐላውን የማለው አንድ ወገን ብቻ ነው።

ይህን ቦታ ሳልፈው ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። እዚያው ላይ ዘርህ በባዕድ አገር 400 ዓመት ይጨነቃል፣ በአራተኛው ትውልድ ግን ወደዚህ ይመለሳል ይለዋል። ያ አራተኛ ትውልድ ገና አልተወለደም። ደግ ይሁን ክፉ ማንም አያውቅም። ተስፋው ግን ተነገረ። ስለዚህ በልጆች ጥንካሬ ላይ የተመሠረተ ተስፋ አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባልሄደ ነበር።

ዘር ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። በምዕራፍ 17 ቃል ኪዳኑ «ከአንተ በኋላ ከዘርህ ጋር» ተብሎ ነው የተነገረው። ግን ያንኑ ምዕራፍ እስከ መጨረሻው አንብቢው። እስማኤል 13 ዓመቱ ነው፣ የአብርሃም የገዛ ልጁ ነው፣ በአንድ ቀን አብሮት ተገረዘ። እግዚአብሔርም ባርኬዋለሁ፣ አሥራ ሁለት አለቆች ይወለዱለታል አለ። ቃል ኪዳኔን ግን ከይስሐቅ ጋር አቆማለሁ አለ። ከይስሐቅም መንታ ልጆች ታላቁ ዔሳው ቀርቶ ታናሹ ያዕቆብ ተመረጠ። ከያዕቆብም ልጆች በኩሩ ሮቤል ብኩርናውን አጣ፤ አራተኛው ይሁዳ የንግሥናውን ቃል ተቀበለ። በሌላ በኩል ደግሞ ከኢያሪኮ ረዓብ፣ ከሞዓብ ሩት፣ ደማቸው ሌላ የሆነ ሴቶች ከሕዝቡ ጋር ተቆጠሩ። ሩት ኢዮቤድን ወለደች፣ ኢዮቤድ እሴይን፣ እሴይ ዳዊትን። ስለዚህ ኪዳኑ እንደ ቤት ካርታ ከአባት መሳቢያ ወጥቶ በስም ዝውውር ለልጅ የሚሰጥ አይደለም።

ታዲያ እንዴት ነው የሚያልፈው? ይስሐቅን እይው። ምዕራፍ 26። በምድሪቱ ራብ ሆነ። በአባቱ ዘመንም ራብ ሆኖ አብርሃም ወደ ግብፅ ወርዶ ነበር። ይስሐቅ ጌራራ ሲደርስ እግዚአብሔር ተገለጠለትና ወደ ግብፅ አትውረድ፣ ከአንተ ጋር እሆናለሁ፣ ለአባትህ የማልሁትንም መሐላ አጸናለሁ አለው። አስተውይ፤ ይስሐቅ ታሪኩን ከአባቱ አፍ ሳይሰማው አይቀርም። እግዚአብሔር ግን አባትህ ነግሮሃል ብሎ አልተወውም። ራሱ መጥቶ ነገረው። በዚያው ምዕራፍ፣ ጥቂት ቁጥሮች ወረድ ስትዪ፣ ይስሐቅ ሰዎቹን ፈርቶ ሚስቱን ርብቃን «እኅቴ ናት» ይላል። አብርሃም ስለ ሣራ ሁለት ጊዜ ያለውን ነው የደገመው። የአባት ፍርሃት ቃል በቃል ወደ ልጁ ወረደ። አንድ ምዕራፍ ውስጥ ተስፋውም ድክመቱም አብረው አሉ። ድክመቱ ግን ተስፋውን አላስቀረውም። በዚያ ዓመት ይስሐቅ ዘርቶ መቶ እጥፍ አገኘ።

ያዕቆብ ደግሞ ለልጅሽ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። ይስሐቅ አይኑ ፈዞ ልጁን እንዴት ፈጥነህ አደኑን አገኘኸው ሲለው፣ ያዕቆብ «እግዚአብሔር አምላክህ» አቀረበልኝ ብሎ ይመልሳል። አምላክህ ነው ያለው፤ አምላኬ አላለም። የቤቱን ቋንቋ ያውቃል፣ በእሱም ይዋሻል። ከዚያ ከወንድሙ ሸሽቶ ሜዳ ላይ ድንጋይ ተንተርሶ ሲያድር፣ በቤቴል፣ እግዚአብሔር በሕልሙ ተናገረው፤ የአብርሃምና የይስሐቅ አምላክ ነኝ፣ ይህችን ምድር ለአንተና ለዘርህ እሰጣለሁ። ያዕቆብ በዚያች ሌሊትም እንኳ ሙሉ በሙሉ አልተረታም። ከእኔ ጋር ብትሆን፣ ብትጠብቀኝ፣ እንጀራና ልብስ ብትሰጠኝ፣ በደኅና ብትመልሰኝ፣ ያኔ አምላኬ ትሆናለህ ብሎ ተሳለ። ለሃያ ዓመት በአጎቱ በላባ ቤት ኖረ። ላባን ሲሟገተውም የሚጠራው የአባቱን አምላክ ነው። በመጨረሻ ሲመለስ፣ ሌሊቱን ሙሉ ታግሎ እስራኤል የሚል ስም ከተቀበለ በኋላ፣ ሴኬም ላይ መሠዊያ አቆመ። የጠራውም በእስራኤል አምላክ ስም ነው። እስራኤል የራሱ የያዕቆብ አዲስ ስም ነው። ከ«አምላክህ» እስከዚህ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነበር። በመካከሉ ማታለል አለ፣ ስደት አለ፣ ሽንፈት አለ። ርብቃ የዚህን መንገድ መጨረሻ በዐይኗ ስለማየቷ መጽሐፉ አንድም ቃል አይናገርም።

አሁን ወደ አገልጋዩ ንግግር እንምጣ። እነዚህ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት ጥቅስ ዘጸአት 20 ላይ ያለውን ነው። የአባቶችን ኃጢአት እስከ ሦስትና አራት ትውልድ በልጆች ላይ አመጣለሁ የሚለውን። ጥቅሱ አለ፣ እውነት ነው። ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያነቡልሽ። አንደኛ፣ «በሚጠሉኝ» ይላል። እናትሽ ከዚያ ቤት የወጣችው እግዚአብሔርን ፈልጋ ነው፤ አንቺም ያደግሽው በዚያው ነው። ሁለተኛ፣ ዐረፍተ ነገሩ አላለቀም። ለሚወዱኝና ትእዛዜን ለሚጠብቁ እስከ ሺህ ትውልድ ምሕረት አደርጋለሁ ብሎ ነው የሚጨርሰው። ዘዳግም 7 ላይም ይኸው ሺህ ትውልድ ይደገማል። ሦስትና አራት ትውልድ ማለት አንድ ሰው በዕድሜው ሊያየው የሚችለው ቤተሰብ ነው። ዮሴፍ እንኳ የኤፍሬምን ልጆች እስከ ሦስተኛ ትውልድ እንዳየ ተጽፏል። ሺህ ትውልድ ግን ማንም ሰው ቆጥሮ አይጨርሰውም።

የወላጅ ጥፋት ለልጅ አይተርፍም አልልሽም። ይተርፋል። በምድረ በዳ አባቶች አናምንም ስላሉ ልጆቻቸው 40 ዓመት አብረው ተንከራተዋል። ሰቆቃወ ኤርምያስ ላይ አባቶቻችን ኃጢአት ሠርተው ዛሬ የሉም፣ እኛ በደላቸውን ተሸከምን የሚል ለቅሶ አለ። በአያትሽ ቤት የነበረው ፍርሃት እናትሽ ላይ ምን እንዳሳደረ አንቺ ከኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። መዘዙ ይወርዳል። በእግዚአብሔር ፊት ተጠያቂነቱና የተዘጋ በር ግን አይወርድም። በምድረ በዳ የተንከራተቱት እነዚያው ልጆች ናቸው ዮርዳኖስን የተሻገሩት።

ይህ ጉዳይ በነቢያት ዘመንም ብዙ ሰው ግራ ያጋባ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 የባቢሎን ንጉሥ ንጉሡን ዮአኪንንና ብዙ ሕዝብ ማርኮ ወሰደ። ሕዝቅኤል ከምርኮኞቹ አንዱ ነበር። ሰዎቹ ወንዝ ዳር ተቀምጠው አንድ ተረት ይተርቱ ነበር፤ «አባቶች ጨርቋ የወይን ፍሬ በሉ፥ የልጆችም ጥርሶች ጠረሱ»። እኛ ምን አደረግን፣ ያለቅነው በአባቶቻችን ነው ማለታቸው ነው። እግዚአብሔርም በሕዝቅኤል በኩል ይህን ተረት ዳግመኛ አትተርቱትም አላቸው። ምዕራፍ 18ን ዛሬ ማታ አንብቢው። ሦስት ሰዎች ያመጣል። ጻድቅ አባት፣ ቀማኛና ደም አፍሳሽ ልጅ፣ የአባቱን ኃጢአት አይቶ የፈራና እንደ እርሱ ያላደረገ የልጅ ልጅ። የአያቱ ጽድቅ ለቀማኛው ልጁ አልሆነለትም። የቀማኛው ኃጢአት ደግሞ ለልጁ አልተቆጠረበትም። ለአገልጋዩም ለአማትሽም በአንድ ምዕራፍ መልስ ነው። በነገሥታቱም ቤት ያየነው ይኸው ነው። ልጁን በእሳት ያሳለፈው አካዝ ሕዝቅያስን ወለደ፤ ደጉ ሕዝቅያስ ምናሴን ወለደ፤ የክፉው አሞን ልጅ ደግሞ ኢዮስያስ ነው።

ከሁሉ በላይ ልነግርሽ የምፈልገው ግን የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ታሪኩ በአንድ ቦታ አልተጻፈም፣ ለዚህ ይሆናል ሰው የሚያልፈው። ቆሬን ታውቂዋለሽ። ዘኍልቍ 16። ሌዋዊ ነው፤ 250 ሰዎች ይዞ በሙሴና በአሮን ላይ ተነሣ። ሙሴ ሕዝቡን ከእነዚህ ኃጢአተኞች ድንኳን ፈቀቅ በሉ ብሎ አስጠነቀቀ። ምድር አፏን ከፈተች። ጥናዎቻቸው እንኳ ተቀጥቅጠው ለመሠዊያው መለበጫ ሆኑ፤ ማንም እንዳይረሳ። የዘር እርግማን የሚባል ነገር ካለ ከዚህ የባሰ ከየት ይመጣል? አሥር ምዕራፍ አልፈሽ፣ በሕዝብ ቆጠራው መካከል፣ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አለች። የቆሬ ልጆች ግን አልሞቱም ትላለች። ይኸው ነው። ለምን እንደተረፉ አይነግረንም።

ከዚያ የት ደረሱ? 1ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 9 ላይ የቆሬ ዘሮች የእግዚአብሔር ድንኳን በር ጠባቂዎች ናቸው። መዝሙረ ዳዊትን ክፈቺ። የቆሬ ልጆች የሚል ርዕስ ያላቸው 11 መዝሙሮች አሉ። ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ እንደምትናፍቅ የሚለው፣ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው፣ የእነሱ ነው። መዝሙር 84 (በአንዳንዱ መጽሐፍ 83) ላይ ደግሞ በኃጥኣን ድንኳን ከመኖር በአምላኬ ቤት ደጃፍ መጣል ይሻለኛል ይላሉ። የቆሬ ዘር ይህን ሲዘምር አስቢው። የአባታቸው ድንኳን ምን እንደደረሰበት ያውቃሉ። አልደበቁትም። በዜማ አደረጉት፣ እነሱም የቆሙት ደጃፉ ላይ ነው።

አላበቃም። እዚያው ዜና መዋዕል ምዕራፍ 6 ላይ የመዘምራኑ የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ይቆጠራል። ዘማሪው ኤማን፣ የኢዮኤል ልጅ፣ የሳሙኤል ልጅ፣ እያለ ወጥቶ ወጥቶ ቆሬ ላይ ይደርሳል። ነቢዩ ሳሙኤል፣ ሐና አልቅሳ የወለደችው፣ የቆሬ ዘር ነው። ኢዮኤልን ደግሞ 1ኛ ሳሙኤል 8 ላይ ታገኚዋለሽ። የሳሙኤል የበኩር ልጅ ነው፣ በቤርሳቤህ ፈራጅ ሆኖ ተሾመ፣ ጉቦ በላ፣ ፍርድ አጣመመ። ሽማግሌዎቹ ሳሙኤል ፊት መጥተው ልጆችህ በመንገድህ አይሄዱም ብለው ነገሩት። ሳሙኤል ምን እንደተሰማው አንቺ ሳትገምቺው አትቀሪም። የዚያ የጉቦኛው የኢዮኤል ልጅ ግን ኤማን ነው፤ ዳዊት በእግዚአብሔር ቤት ለመዝሙር ያቆመው። 14 ወንዶችና 3 ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ ቤቱ የመዝሙር ቤት ነበር። አንድ ቤተሰብ ነው። ምድር የዋጠችው አባት አለበት፣ ነቢይ አለበት፣ የተበላሸ ልጅ አለበት፣ የሚዘምር የልጅ ልጅ አለበት። እንደ ሳሙኤል ያለ አባት እንኳ ልጁን አጽንቶ ማቆም አልቻለም። ስለዚህ እህቴ፣ ልጄ የራቀው እኔ ስላጠፋሁ ነው እያልሽ ራስሽን አትቅጪ።

አማትሽን በተመለከተ አክብሮቴን ሳልነሣ እናገራለሁ። የካህናት ዘር መሆን ክብር ነው። ግን በካህናት ዘርነት መተማመን ምን እንደሚያመጣ የዔሊ ቤት አይቶታል። ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ ካህናት ነበሩ፣ የካህን ልጆች። የሕዝቡ መሥዋዕት ገና ሲቀቀል የካህኑ ሎሌ ሦስት ጣት ባለው ሜንጦ ድስቱን እየወጋ ያወጣው የነበረውን ሥጋ አንብቢ። ዔሊ ሰምቷል፣ ተናግሯቸዋልም፣ ግን አልከለከላቸውም። የእግዚአብሔርም ሰው መጥቶ ቤትህና የአባትህ ቤት ለዘላለም በፊቴ እንዲሄዱ ተናግሬ ነበር፣ አሁን ግን ይህ አይሆንልኝም፣ ያከበሩኝን አከብራለሁ የሚል ቃል አመጣ። ተስፋ ነበራቸው። ተስፋውን እንደ መብት ቆጠሩት፣ ለነሱም አልሆነላቸውም። ዝም ብለሽ ጠብቂ የሚለው ምክር ስለዚህ አልተመቸኝም። መጠበቁ ጥሩ ነው። ዝም ማለቱ ነው ችግሩ።

እዚህ ላይ አገልጋዩ ምናልባት ነቢይ በዘር ላይ የተናገረው እርግማንስ ይሉሽ ይሆናል። እሱንም አይተነዋል። ኤርምያስ በንጉሡ በዮአኪን ላይ (ኢኮንያን ብሎ ይጠራዋል) የቀኝ እጄ ቀለበት ብትሆን እንኳ ከዚያ እነቅልሃለሁ፣ ከዘርህ በዳዊት ዙፋን የሚቀመጥ አይከናወንም ብሎ ነበር። ከዚህ የከበደ ቃል የለም። ዮአኪን በ37ኛው የምርኮ ዓመት ከእስር ወጥቶ በባቢሎን ንጉሥ ማዕድ በላ። የልጅ ልጁ ዘሩባቤል ከምርኮ የተመለሰውን ሕዝብ መርቶ ኢየሩሳሌም ገባ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ520 ነቢዩ ሐጌ ለዘሩባቤል እንደ ቀለበት ማኅተም አደርግሃለሁ የሚል ቃል አመጣለት። አያቱ እንደ ቀለበት ከእግዚአብሔር እጅ ተነቀለ፤ የልጅ ልጁ እንደ ቀለበት ተመለሰ። ዘሩባቤል አልነገሠም፤ አለቃ ብቻ ነው የሆነው። የአያቱ ጥፋት ዙፋኑን አስከፍሎታል። ከእግዚአብሔር እጅ ግን አላወጣውም።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ?

ብሩን አትክፈዪ። በዚህ አላመነታም። ስለ አባቶች ኃጢአት ምን እንደሚደረግ ዘሌዋውያን 26 ራሱ ይናገራል። የራሳቸውንና የአባቶቻቸውን ኃጢአት ቢናዘዙ፣ ልባቸው ቢዋረድ፣ ከያዕቆብ፣ ከይስሐቅና ከአብርሃም ጋር ያደረግሁትን ቃል ኪዳኔን አስባለሁ ይላል። የተጠየቀው ኑዛዜ ነው። በነህምያ ዘመን የተመለሱት ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ቆመው የራሳቸውንና የአባቶቻቸውን በደል ተናዘዙ። አንቺም አንድ ጠዋት በጓዳሽ ስለ አያትሽ ቤት የምታውቂውን በእግዚአብሔር ፊት ስሙን ጠርተሽ ተናገሪው። ብቻዬን ይከብደኛል ካልሽ የምታምኚያቸውን የንስሐ አባት ወይም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አብረውሽ እንዲጸልዩ ለምኚ። ለዚህ ታሪፍ የለውም።

ልጅሽን ደግሞ እርግማን አለብህ እንዳትዪው። አንዴ ከሰማው ከጆሮው አይወጣም። ዩኒቨርሲቲ ላይ አንድ ነገር ሲበላሽበት፣ ፈተና ሲወድቅ፣ ፍቅር ሲከዳው፣ ይኸው ይመጣበታል። ይልቅ የሚያስፈልገው ታሪኩ ነው። ለመሆኑ ስለ ቅድመ አያቱ ነግረሽዋል? በደብዳቤሽ ስለዚህ ምንም አልጻፍሽም። እናትሽ በልጅነቷ ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣች፣ ማን እንዳስጠጋት፣ ምን እንዳስፈራት፣ እግዚአብሔር ምን እንዳደረገላት ያውቃል? ወይስ የሚያውቀው እሑድ ጠዋት ተነሥ መባልን ብቻ ነው?

ይህን የምጠይቅሽ ኦሪትና ኢያሱ በዚህ ነገር እንዴት እንደሚናገሩ ስላየሁ ነው። ስለ ፋሲካ ሲያዝዝ ልጆቻችሁ ይህ ሥርዓት ምንድን ነው ባሏችሁ ጊዜ እንዲህ በሉ ይላል። ዘዳግም 6 ላይ በሚመጣው ዘመን ልጅህ ይህ ሕግና ፍርድ ምንድን ነው ብሎ በጠየቀህ ጊዜ እንዲህ በለው ይላል። ዮርዳኖስን ሲሻገሩ 12 ድንጋይ አንሥተው ጌልገላ ላይ ያቆሙት ልጆች እነዚህ ድንጋዮች ምንድን ናቸው ብለው እንዲጠይቁ ነው። በሦስቱም ቦታ ልጁ ይጠይቃል፣ ወላጁ በታሪክ ይመልሳል፤ በዘዳግም ያለው መልስ በግብፅ ባሪያዎች ነበርን፣ እግዚአብሔርም አወጣን የሚል ነው። በመሳፍንት መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ግን ያ ትውልድ ሞቶ እግዚአብሔርን፣ ለእስራኤልም ያደረገውን ሥራ የማያውቅ ሌላ ትውልድ ተነሣ ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ። መዝሙር 78 (77) ከልጆቻቸው አንሰውርም ብሎ ይጀምርና የአባቶችን ውለታ ብቻ አይዘረዝርም። እልኸኛና ዐመፀኛ ትውልድ ነበሩ ይላል። ነውሩንም ይናገራል። ለልጆቹ ተስፋቸውን በእግዚአብሔር ላይ እንዲያደርጉ የሚረዳቸው ይህ ሁሉ ነው።

ስለዚህ ንገሪው። ለስብከት አታስቀምጪው፤ ቡና እየፈላ፣ ወይም መንገድ አብራችሁ ስትሄዱ። ስለ ቃልቻው ቅድመ አያቱ ሳትሸፋፍኚ ንገሪው። ይጠይቅሻል። ምናልባት የሚያስቆጣሽ ነገር ይጠይቅ ይሆናል፤ እግዚአብሔር መኖሩን በምን አወቅሽ ሊልሽ ይችላል። አብርሃምም በምን አውቃለሁ ብሏል፣ እግዚአብሔርም አልተቆጣውም። መልሱን የማታውቂው ከሆነ አላውቀውም በዪው። መጽሐፍ ሲነበብ ተነሥቶ ከወጣ ይውጣ። ሲመለስ ራቱን አቅርቢለት፣ ፊትሽን አታጥቁሪበት። አማትሽንም ከዝምታው አውጪያቸው፤ የካህናት ቤት ልጅ ናቸውና እሳቸውም የሚያወሩለት ታሪክ አያጡም።

አንድ ነገር እንዲያነብ ልትሰጪው ከፈለግሽ ከዘፍጥረት 27 እስከ 33 ያለውን ስጪው። ያዕቆብ ከቤት ሲወጣ ከሱ ብዙም የተለየ ሰው አይደለም። እስኪያነበው አትጠብቂው፣ አንብበህ ጨረስክ ወይ እያልሽም አትጨቅጭቂው። ጸሎትሽን ቀጥዪ፤ የይስሐቅን፣ የቤቴልን ሌሊት እያነሣሽ፣ ለልጄም ራስህ ተናገረው እያልሽ። ሲጠይቅሽ የከበደሽ ጥያቄ ካለ ጻፊልኝ፣ በዚሁ ዓምድ አብረን እናየዋለን።